ሲጠብቅ፣ ሲላላ

ሻርጃ ነው። ሐምሌ ነው። ጣሪያ ካልለበሰ ፎቅ ሥር
አንድ እግሩ በጡብ የቆመ ወንበር፤
ወንበሩ ላይ እኔ፣ ከጀርባዬ «ሴኩሪቲ» የሚል ጽሑፍ፣
ማንም የማይሰርቀውን ሲሚንቶ ሌሊቱን የማቅፍ።

ለጥበቃ ፈተናው ዘጠኝ ሌሊት ቀርቷል።
ቢሽኑ፣ ከጎረቤት ሕንፃ የሚመጣው ኔፓላዊ፣ ግስ ያስጠናኛል።
«ኪፕ» አለኝ፤ «ትንሽ ናት፤ የማትገባበት ቤት ግን የለም።»
በደብተሬ ጻፍሁ፦ ኪፕ፣ ጠበቀ። ልዘጋው ስል፣
«ቆይ» ብሎ እጁን ወደ አጥሩ ዘረጋ።

ሰሌዳው ላይ ኪፕ አለ፤ እንዳትገባ።
መንገዱ ላይ ኪፕ አለ፤ ቀኝህን ይዘህ ግባ።
ማሽኑ ላይ ኪፕ አለ፤ ጣትህን አርቅ።
ሱቁ በር ላይ ኪፕ አለ፤ መልሱን ለራስህ፣ አትጨነቅ።
ተቆጣጣሪው ሳጂ በስልክ ሲጮህ ኪፕ ይላል፤ ዝም በል ነው።
ሳትቆም ቀጥል፣ ሂድ፣ በርታ፤ ያም እሱው ነው።

እኛ ዘንድ አንድ ቃል አንድ በር ይጠብቃል፤
ይሄኛው በአንድ ደመወዝ ስድስት በር ላይ ቆሟል፤
እንደኛው።

«ፓስፖርትህስ?» አለኝ። «እሱም ኪፕ ነው፤
ካምፓኒው መሳቢያ ውስጥ ኪፕ ካደረገው ሦስት ዓመቱ ነው።»
«ይሄ መጠበቅ ነው ወይስ መያዝ?» ብዬ ጠየቅሁ።
የሻዩን ዝቃጭ አሸዋው ላይ ደፋ።
መልሱን አልጠበቅሁ።

«በእናንተስ?» አለኝ። እንግዲህ ተራዬ ደረሰ፤
ከሐርቡ ይዤው የወጣሁት ቃል ከአፌ ፈሰሰ፦
ይጠብቃል።
ብን አላልቶ የሚያነብ ጭነት ያያል፣
የግመል ሆድ ሥር የሚሳብ ቋጠሮ፤
ብን ረግጦ የሚያነብ ሰው ያያል፣
ደጃፍ የተቀመጠ፣ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ።
ፊደሉ ያው ነው፤ ነጥብ የለው፣ ምልክት የለው።
ፊደሉ ሲላላ ገመዱ ይከራል፤
ፊደሉ ሲከር ሰውየው ደጅ ይጠናል።

ቢሽኑ ሳቀ። «ታዲያ በምን ትለዩታላችሁ?»
«ከፊትና ከኋላው» አልሁት፤
«ወይም የሚናገረውን ሰው ስታውቀው።»

የሚናገረውን ሰው አውቃታለሁ።
ሰዓዳን ለአንድ ረመዳን ጠብቂኝ ብያት ነበር፤
ሦስተኛው አለፈ። ትናንት ማታ በኢሞ ደወልሁ፤
መስመሩ እንደ አሮጌ ጨርቅ ይቀደዳል፤
«ከባቲ» አለች፣ «ሽማግሌ መጥቷል»፤ ከዚያ ዝም፤
«አባቴ» አለች፤ ከዚያ የአየር ማቀዝቀዣው ድምፅ፤
«ነገሩ ይጠብቃል» አለች።

ብን ባሕሩ ዋጠብኝ።

ከሰላሳ ሦስቱ ፊደል መርጦ፣
ከዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያችኑ ቆርጦ።
ይቆያል ማለቷ ነው? ነገሩ ለእኔ ይቀመጣል?
ወይስ ቋጠሮው ገና ይከራል?
መልሼ ደወልሁ። «ከአገልግሎት መስጫ ክልል ውጭ»።

ቢሽኑ ይህን አያውቅም። ኃላፊ ጊዜ ደርሷል፦
«ኬፕት በል፤ መጨረሻው ላይ ት አለች፣ እንደ መቀርቀሪያ።»
ኬፕት እላለሁ። በልቤ ደግሞ የኛውን፦ ጠበቀ።
ባለፈው ጊዜ ሁለቱ አይለዩም፤
ገመዱም ጠበቀ፣ ሰውየውም ጠበቀ፣
በአንድ ትንፋሽ፣ በአንድ ክብደት።
የሚለያዩት ገና በሚመጣው ነው።

አሥር ሰዓት ላይ የውሃ ቦቴው ጡሩምባ ነፋ።
በሩን ከፈትሁ፤ ታርጋውን መዘገብሁ፤
«ልዩ ሁኔታ» በሚለው ዓምድ ሥር፣ እንደ ሁልጊዜው፣ «የለም»።
በግራ እጄ ስልኩን እንደ ጨበጥሁ ነበር።
«እሱም ኪፕ ነው» አለ ቢሽኑ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።
ደብተሩ ላይ ቦታ ነበር።
አልጻፍሁትም።